ዕውቀትና ኑሮ፦ በዓይን የማይታይ ቅርጽ



አንድ ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር ብቻ የሚከፍትበት ምክንያት ምንድን ነው? ብረቱ ነው እንዳይባል፤ ከአንድ ብረት የተሠሩ ዐሥር ቁልፎች ዐሥር ልዩ ልዩ በሮችን ይከፍታሉ። ምክንያቱ የጥርሱ ቅርጽ ነው። ጥርሱ በጥቂቱ እንኳ ቢጣመም ብረቱ እንዳለ ሆኖ ቁልፍነቱ ይቀራል። ይህን በየቤታችን ዕለት ዕለት የምናየው ስለ ሆነ አናስተውለውም እንጂ፤ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በሕክምና፣ በሥነ ሕይወትና አዳዲስ ቁሶችን በመሥራት ጥበብ ከተገኙት ታላላቅ ውጤቶች ብዙዎቹ የቆሙት በዚሁ ቀላል እውነት ላይ ነው። ይኸውም የአንድ ረቂቅ ነገር ሥራው በደንብ የሚታወቀው ቅርጹ ሲታወቅ ነው ማለት ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህን እውነት በሦስት ነገሮች እንመለከተዋለን፤ በሕፃናት የሳንባ ሕመም፣ በኤች.አይ.ቪ. መከላከያና ከደረቅ አየር ውሃ በሚያወጣ አዲስ ቁስ። ነገሮቹ ሦስት ቢሆኑም አሳባችን አንድ ነው። ቅን አሳብ ያለ ዕውቀት ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል፤ ዕውቀትም በትዕግሥት ሲፈለግ ያንኑ ቅን አሳብ ለፍሬ እንደሚያበቃው ለማሳየት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድመን የሰውነታችንን ሥራ የሚያከናውኑትን ረቂቃን ነገሮች እንወቃቸው። እነዚህ ፕሮቲኖች ይባላሉ። ደማችንን የሚያቀላውና ከሳንባ የተቀበለውን ኦክስጅን ለመላው ሰውነት የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ፕሮቲን ነው፤ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያስተዳድረው ኢንሱሊንም እንዲሁ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን በክር በተሰካ ጨሌ ይመሰላል። የጨሌዎቹ ዓይነት 20 ነው፤ ስማቸውም አሚኖ አሲድ ይባላል። በኢንሱሊን ውስጥ 51 ጨሌዎች ብቻ ይገኛሉ፤ ሌሎች ፕሮቲኖች ግን በመቶና በሺህ የሚቈጠሩ አሏቸው። ክሩ እንደ ተዘረጋ አይቀርም፤ ተጠቅልሎና ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጹ ነው፤ ቅርጹ ከተበላሸ ሥራውም ይበላሻል።

ይህን ቅርጽ ማየት ግን እጅግ አድካሚ ነበር። በኦስትሪያ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ይሠራ የነበረው ሊቅ ማክስ ፐሩትዝ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ በኤክስሬይ ጨረር መመርመር የጀመረው በ1937 ነበር፤ ቅርጹ ተገልጦ የታየው በ1959 ነው። አንድ ፕሮቲን ለማወቅ 22 ዓመት ፈጀ ማለት ነው። ስለዚህም ድካሙ በ1962 ከባልደረባው ከጆን ኬንድሩ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ መርማሪዎችም እያንዳንዱን ፕሮቲን አንድ በአንድ እየመረመሩ እስከ 2020 ድረስ ከ150 ሺህ በላይ ቅርጾችን በአንድ መዝገብ አከማቹ።

በዚያው በ2020 በለንደን የሚገኘው የዲፕማይንድ ኩባንያ መርማሪዎች፤ እነ ዴሚስ ሀሳቢስና ጆን ጀምፐር፤ አልፋፎልድ የተባለ የኮምፒዩተር ስልት አቀረቡ። ይህ ስልት የጨሌዎቹን ተራ ብቻ ተመልክቶ ክሩ እንዴት እንደሚጣጠፍ ይገምታል። በ2022 ከ200 ሚሊዮን የሚበልጡ ፕሮቲኖች ግምታዊ ቅርጽ ለዓለም ሁሉ በነፃ ተሰጠ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2024፤ አዳዲስ ፕሮቲኖችን ከሚቀርጸው ከአሜሪካዊው ዴቪድ ቤከር ጋር፤ የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ። ሆኖም አንድ ነገር መዘንጋት አይገባም። ኮምፒዩተሩ የተማረው እነ ፐሩትዝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመው ከሞሉት መዝገብ ነው፤ የፊተኞቹ ባይዘሩ የኋለኞቹ ባላጨዱም ነበር። ግምቱም ግምት ስለ ሆነ፤ ለመድኃኒት ከመዋሉ በፊት በቤተ ሙከራ መረጋገጥ አለበት።

ይህ ሁሉ ለቤተ ሰብ ምን ይረባል የሚል አንባቢ ቢኖር፤ መልሱ በአራስ ቤት ይገኛል። አር.ኤስ.ቪ. የሚባል ቫይረስ አለ። አዋቂ ሰው ሲይዘው እንደ ተራ ጉንፋን ይሆንና በጥቂት ቀናት ይለቀዋል። ጥቂት ወራት ብቻ የሆነውን ሕፃን ሲይዘው ግን ቀጫጭኖቹን የሳንባ ቧንቧዎች አሳብጦ በአክታ ይደፍናቸዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ ቫይረስ በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 100 ሺህ ያህል ሕፃናትን ይገድላል። ከሟቾቹ እኩሌታ የሚሆኑት ስድስት ወር ያልሞላቸው ናቸው፤ ከመቶው 97 ያህሉም የሚሞቱት ድኻ በሆኑና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ቫይረሱ የተገኘው በ1956 ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላ፤ በ1966፤ በአሜሪካ ክትባት ተሠርቶ በሕፃናት ላይ ተሞከረ። የሠሩት ሰዎች አሳባቸው ቅን ነበር፤ ዘዴውም አዲስ አልነበረም። ቫይረሱን ፎርማሊን በተባለ መድኃኒት ገድሎ ሬሳውን ለሰውነት ማሳየትና ሰውነት ጠላቱን አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። በዚህ ዓይነት የተሠራው የፖሊዮ ክትባት ብዙ ልጆችን ከሽባነት አድኖ ነበርና፤ ይህኛውም እንዲሁ ያድናል ተብሎ ታሰበ። ነገር ግን የበሽታው ወራት በመጣ ጊዜ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ክትባቱን ወስደው ቫይረሱ ከያዛቸው ሕፃናት ከመቶው 80 ያህሉ ሆስፒታል ገቡ፤ ክትባቱን ካልወሰዱትና ከተያዙት ግን ሆስፒታል የገቡት ከመቶው 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሁለት ሕፃናትም ሞቱ። ሊጠብቃቸው የተሰጠው ነገር በሽታውን አባሰባቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ለሕፃናት የአር.ኤስ.ቪ. ክትባት ለመሥራት የሚደፍር ጥቂት ሆነ።

ምክንያቱ በደንብ የታወቀው ከ40 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው። ቫይረሱ በገላው ላይ ኤፍ የሚባል ፕሮቲን ተሸክሟል። ይህ ፕሮቲን እንደ ተወጠረ የአይጥ ወጥመድ ነው። ቫይረሱ ወደ ሰው ሕዋስ ሲጠጋ ወጥመዱ ይፈናጠርና ቫይረሱን ከሕዋሱ ጋር ያጣብቀዋል። ሳይፈናጠር በፊት አጠር ብሎ የተድቦለቦለ ነው፤ ከተፈናጠረ በኋላ ረዝሞና ቀጥኖ ሌላ መልክ ይይዛል። ሰውነት በሽታውን ድል የሚነሣው ፕሮቲኑን ገና ሳይፈናጠር ቢይዘው ነው። የ1966ቱ ክትባት ግን ለሕፃናቱ ሰውነት ያሳየው የተፈናጠረውን መልክ ነበር። በሌላ አነጋገር ለዘበኛው የሌባውን ሥዕል ሲሰጡት፤ ሌባው ገብቶ ልብሱን ከለወጠ በኋላ ያለውን ሥዕል ሰጡት። ዘበኛው ነቅቷል፤ የሚጠብቀው ግን ያንን ሰው አይደለም። ጉዳቱን ያባሱት ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ፤ ዋነኛው ከሚባሉት አንዱ ግን ይህ ነው።

በ2013 ጄሰን ማክሌላን፣ ባርኒ ግራሃምና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ ያልተፈናጠረውን ቅርጽ ለማየት በቁ። በዚያው ዓመት ከጨሌዎቹ ጥቂቶቹን ለውጠው፤ ወጥመዱ እንደ ተወጠረ እንዲቈይ አሰሩት። እነሆ፤ ትክክለኛው የሌባው ሥዕል ተገኘ። ፕሮቲንን በመጀመሪያ መልኩ አስሮ የማቈየት ይህ ጥበብ በ2020 ለተሠሩት ለብዙዎቹ የኮሮና ክትባቶችም መሠረት ሆኗል።

ለሕፃናቱ የተመረጠው መንገድ ደግሞ በእናታቸው በኩል ነው። ክትባቱ ለነፍሰ ጡር እናት ይሰጣል፤ በሰውነትዋ የሚፈጠሩት አንቲቦዲ የሚባሉት የደም ዘበኞች በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋሉ። ሕፃኑ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ ዘበኞቹን ይዞ ይወለዳል። በ18 አገሮች ከ7 ሺህ የሚበልጡ ነፍሰ ጡሮች በተካፈሉበት ሙከራ፤ ክትባቱ ከባዱን በሽታ በመጀመሪያዎቹ 90 ቀናት ከመቶ በ82 ያህል፤ እስከ 180 ቀናት ድረስ ደግሞ ከመቶ በ69 ያህል ቀነሰው። የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት ተቈጣጣሪ በነሐሴ 2023 ፈቀደው። ነገር ግን በሙከራው ጊዜ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቍጥር በጥቂቱ ከፍ ብሎ ስለ ታየ፤ ለጥንቃቄ ሲባል ከ32ኛው እስከ 36ኛው የእርግዝና ሳምንት ብቻ እንዲሰጥ አዘዘ። የዓለም የጤና ድርጅት በበኩሉ ከ28ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲሰጥ መክሯል፤ በመጋቢት 2025ም ክትባቱን መርምሮ ለዓለም አቀፍ ግዥ ብቁ ነው ብሎ መዝግቦታል። ወደ እያንዳንዱ አገር የሚደርስበት ጊዜ የተለያየ ስለ ሆነ፤ ነፍሰ ጡር እናት በክትትልዋ ጊዜ ሐኪምዋን ወይም አዋላጅዋን ብትጠይቅ መልካም ነው።

ክትባቱ በደጃችን ባይደርስ እንኳ ዕውቀቱ ደርሷልና፤ እርሱን በቤታችን እንጠቀምበት። በአገራችን አራስ መጠየቅ የተመሰገነ ልማድ ነው፤ ገንፎ መብላቱም፣ ልጁን መመረቁም ደስ ያሰኛል። በ40ኛው ወይም በ80ኛው ቀን ክርስትና ሲነሣም ዘመድ ወዳጅ ሁሉ ሕፃኑን እያቀፈ ይስማል። ነገር ግን ለአዋቂው ትንሽ ጉንፋን የሆነው ነገር ለዚያ ሕፃን ሞት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ አይተናል። ስለዚህ የሚያስነጥሰውና የሚያስለው ሰው ጥየቃውን ለሌላ ቀን ቢያቈይ ወይም ከሩቅ መርቆ ቢሄድ ፍቅሩን አጐደለ አይባልም፤ አበዛ ይባላል እንጂ። እጅን በሳሙና ታጥቦ ሕፃን ማቀፍ፤ ሕፃኑ ባለበት ቤት የምድጃ ጢስ እንዳይታፈን በሩንና መስኮቱን መክፈት፤ የእናትን ጡት ማጥባት፤ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ መከላከያዎች ናቸው።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ሥፍራ ሕፃን ሲያስለው ወይም ጡት አልይዝ ሲል «እንጥሉ ወርዷል» ተብሎ በምላጭ ይቈረጣል። ይህን የሚያደርጉ አያቶችና እናቶች ልጃቸውን የሚወዱ ናቸው፤ የሚያደርጉትም ሊያድኑት ነው። በሽታው ግን በእንጥሉ ላይ አይደለም፤ በሳንባው ነው። ቍስሉ ደም ያፈሳል፤ ያመረቅዛል፤ ሕፃኑም ሐኪም ቤት የሚደርስበት ሰዓት በከንቱ ያልፋል። የ1966ቱ ሊቃውንት ከነትምህርታቸው በቅንነት ከተሳሳቱ፤ እኛ በቤታችን ያለ ምርመራ ምላጭ ከማንሣት ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን? ዕድሜው ሁለት ወር ያልሞላ ሕፃን በአንድ ደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፤ ከሁለት ወር እስከ ዓመት ያለው ደግሞ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ ቢተነፍስ፤ ሲተነፍስ ከጐድን አጥንቱ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ቢሰረጐድ፤ ጡት መጥባት ቢያቅተው ወይም ከንፈሩ ቢጠቁር፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት።

አሁን ከሕፃናቱ ወደ ወጣቶቹ እንለፍ። የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ የዘሩን መልእክት የሚይዝበት ሾጣጣ ቅርፊት አለው፤ ቅርፊቱም ከ1 ሺህ በላይ በሆኑ አንድ ዓይነት ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ነው። ይህ ቅርፊት እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ያለ ዝም ብሎ የሚሸፍን ነገር ብቻ ይመስል ነበር። ቅርጹ በደንብ ሲመረመር ግን በየመገጣጠሚያው ትንንሽ ጐድጓዳ ቦታዎች ተገኙ፤ ቅርፊቱም በጊዜው መገጣጠም፤ በጊዜውም መፈታት እንዳለበት ታወቀ። ሌናካፓቪር የሚባለው መድኃኒት በእነዚያ ጐድጓዳ ቦታዎች ገብቶ እንደ ሽብልቅ ይቀረቀራል፤ ቅርፊቱም ያለ ልክ ይገትርና ሥራውን መሥራት ይሳነዋል።

መድኃኒቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በመርፌ ይሰጣል። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 25 ዓመት በሆኑ ሴቶች ዘንድ በተደረገው፤ ውጤቱም በ2024 በተገለጠው ሙከራ፤ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች መካከል በቫይረሱ የተያዘች አንዲት እንኳ አልተገኘችም። አሜሪካ በሰኔ 2025 ፈቀደችው፤ የዓለም የጤና ድርጅትም በሐምሌ 2025 እንዲሠራበት መከረ። እዚህ ላይ ስሕተት እንዳይገባ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንናገር። አንደኛ፤ ይህ መርፌ ያልተያዘውን ሰው ይጠብቃል እንጂ የተያዘውን ሰው ከቫይረሱ ፈጽሞ አያነጻም፤ የተያዘ ሰው የታዘዘለትን መድኃኒት አንድ ቀንም ማቋረጥ አይገባውም። ሁለተኛ፤ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ደም መመርመር ግዴታ ነው። የዋጋውም ነገር አሳሳቢ ነበር፤ በአሜሪካ ለአንድ ሰው በዓመት ከ28 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ሆኖም በመስከረም 2025 በተገለጠው ስምምነት፤ በሕንድ ፋብሪካዎች የሚሠራው ከ2027 ጀምሮ ለ120 አገሮች በዓመት 40 ዶላር ያህል እንዲሸጥ ታቅዷል። ጥበብ ለድኻው ካልደረሰች በመስተዋት ውስጥ እንደ ተቀመጠ እንጀራ ናትና፤ ይህ ራሱ ከመድኃኒቱ መገኘት የማያንስ ነገር ነው።

ቅርጽ ኃይል የሚሆነው በሕያዋን ዘንድ ብቻ አይደለም። ሰው በሚሠራው ግዑዝ ነገርም እንዲሁ ነው። በ1974 በአውስትራልያ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሪቻርድ ሮብሰን፤ ተማሪዎቹ የሞለኪውልን አሠራር እንዲያዩ የእንጨት ድቡልቡሎችን አስበስቶ በዘንግ ያያይዛቸው ነበር። ቀዳዳዎቹ በትክክለኛው ቦታ ከተበሱ፤ ዘንጎቹን በመሰካት ብቻ ቅርጹ ራሱ በራሱ እንደሚወጣ አስተዋለ። እንግዲያስ አተሞችንም እንዲሁ ማያያዝ አይቻልምን አለ። አሳቡን በልቡ ይዞ ከዐሥር ዓመት በላይ ቈየና፤ በ1989 የመጀመሪያውን ውጤት አሳተመ። ከእርሱ በኋላ በጃፓን ሱሱሙ ኪታጋዋ፤ በአሜሪካ ደግሞ ኦማር ያጊ ሥራውን አስፋፉት። ሦስቱም በ2025 በኬሚስትሪ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

የሠሩት ነገር ቤት ሲሠራ እንዳየነው ያለ ነው። የብረት አተሞች እንደ ምሰሶ ይቆማሉ፤ ካርቦን ያላቸው ረጃጅም ሞለኪውሎች እንደ ማገር ያያይዟቸዋል፤ በመካከላቸው ባዶ ክፍሎች ይቀራሉ። ያጊ በ1999 ከሠራው ከዚህ ዓይነት ቁስ ጥቂት ግራም ብቻ ተወስዶ የክፍሎቹ ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህል ይሆናል። የክፍሎቹን ስፋትና መልክ በመለዋወጥ አንዱ ቁስ መርዘኛ ጋዝ እንዲይዝ፤ ሌላው የውሃ ተን እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። የያጊ ባልደረቦች እንዲህ ያለውን ቁስ በአሪዞና በረሃ አስቀምጠው፤ ሌሊት ከደረቁ አየር የውሃ ተን እንዲጠጣ፤ ቀን በፀሐይ ሙቀት ውሃውን እንዲለቅ አደረጉት። የተገኘው ውሃ ጥቂት ነበር፤ ሆኖም ወንዝም ጕድጓድም በሌለበት ምድር የተገኘ ውሃ ነው።

የያጊን የልጅነት ታሪክ ለቤተ ሰብ መንገር ይገባል። በ1965 በዮርዳኖስ በአማን ከተማ ከፍልስጥኤም ስደተኞች ተወለደ። ብዙ ልጆች ያሉት ቤተ ሰብ በአንዲት ክፍል ከከብቶች ጋር ይኖር ነበር፤ መብራት አልነበረም፤ ንጹሕ ውሃም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። በዐሥር ዓመቱ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ሲገልጥ የሞለኪውሎችን ሥዕል አየ፤ ምን እንደ ሆኑ ሳያውቅ መልካቸው ልቡን ማረከው። ውሃ ያጣው ልጅ አድጎ ከአየር ውሃ የሚያወጣ ሆነ። እንስራ ተሸክማ ረጅም መንገድ የምትሄድ ልጃችንም መጽሐፍ የምትገልጥበት ጊዜ ብታገኝ ወደ ምን እንደምትደርስ ማን ያውቃል? ልጆቻችንን ከውሃ መንገድ ወደ መጽሐፍ መመለስ የወላጆች ፈንታ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የምንሰበስበው አንድ ትምህርት አለ። ፐሩትዝ 22 ዓመት ታገሠ፤ የሕፃናቱ ክትባት ከመጀመሪያው ውድቀት እስከ ፈቃዱ 57 ዓመት ፈጀ፤ ሮብሰንም ከእንጨት ድቡልቡል እስከ ሽልማት 51 ዓመት ጠበቀ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፤ ጥድፊያ የወሰደችውን ትዕግሥት መልሳ አመጣችው። እኛም በቤታችን ስለ አዲስ መድኃኒት ስንሰማ ወዲያው ሁሉን እንደሚያድን አንመን፤ ወዲያውም የሐሰት ነው ብለን አንጣለው። ለማን እንደሚሰጥ፣ መቼ እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ የሚያውቀውን እንጠይቅ። ልጅን መውደድ በሁላችን ልብ አለ፤ ፍቅሩ ጓጉንቸሩን የሚከፍተው ግን የቁልፉን ጥርስ በዕውቀት ስንሞርደው ነው።